ሲመለስ የሚረዝም መንገድ

«ዛሬም መጣች» አለች ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ፣ ወደ ታላቅ እህቷ ጆሮ ዘንበል ብላ። «በየቀኑ የምትመላለሰው ማን ሞቶባት ነው?»

«አብራው ትሠራ የለ? ተይ፣ ሰው ይሰማሻል።»

ከሟቹ ጋር ትበር የነበረችው ሆስተስ ለቅሶ ቤቱ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሻይ ሲሰጧት ተቀበለች እንጂ አልጠጣችውም። ዓይኗ አብጧል፤ የልብስ ሰፊዋን አንጀት ያሳረረውም ይኸው ነው። ሚስቲቱ እኔ ሆኜ ሳለሁ ይቺ ምን ቤት ናት? ባሏ በልብ ሕመም ድንገት ካረፈ ወዲህ እሷ ራሷ የልቧን አላለቀሰችም፤ ቅናቱ መች ፋታ ሰጣት።

ነገሩ የቆየ ነው። ባሏ አብራሪ ነበር። ባሕር ማዶ ወዳለ አየር ማረፊያ ይበራል፣ ያድራል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ሲሄድ አራት ሰዓት ተኩል፣ ሲመለስ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። አንድ ቀን አላስችል ብሏት ጠየቀችው።

«ርቀቱ ስንት ነው?»

«ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ።»

«ስትመለስስ?»

ሳቀባት። «ያው ነዋ። ስንመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚመጣብን ነው።»

«እኔ ጨርቅ ከየትኛውም ጫፍ ብለካው ያው ነው» አለችው። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችውም፤ በሆዷ ያዘችው። ያቺን አንድ ሰዓት ለአንዲት ሴት ይሰጣታል ብላ ደመደመች። ደክሞት ሲገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋ ላይ ሲያሸልብ፣ እራቱን ታቀርብለትና ፊቷን አዙራ ትተኛለች።

ቤቱ ትንሽ ጭር ሲል ሆስተሷ ልትሰናበት ቀረበች። «ያጽናዎት፣ እትዬ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ። እህቷ በክርን ጎሸመቻት፤ እሷ ግን አልሰማችም። «ስትመለሱ ምን ነበር የሚያዘገያችሁ?»

ሆስተሷ ግራ ገባት። «ነፋሱ ነዋ። ስንሄድ ከኋላ ይገፋናል፣ ስንመጣ ፊት ለፊት ይገጥመናል። የሁሉም አውሮፕላን ዕጣ ነው።» ከዚያ ፈገግ ማለት ቃጣት። «ካፒቴንማ እንዴት ይበሳጩ ነበር መሰለዎት። ሻይ ይዤላቸው ስገባ ‹ልብስ ሰፊዋ ሚስቴ አኩርፋ ትጠብቀኛለች› ይላሉ። ነፋሱ ቀለል የሚልበትን ከፍታ ሲያፈላልጉ ነው የምናገኛቸው። እኛ እንስቅባቸዋለን። የእኔው ባል ጥሎኝ ከሄደ ወዲህ፣ ወደ ቤቱ የሚቸኩል ወንድ መኖሩን ያመንኩት እሳቸውን አይቼ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እፎይ ልትል ይገባት ነበር። ቅናቱ ግን ባሰባት። ችኮላውን ያየችው ይህች ሴት ናት። ለራሷ የደረሳት ድካሙ ብቻ ነው፤ እሱንም ጀርባዋን ሰጥታ ነው የተቀበለችው።

ፈቀቅ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት። «ቁጭ በይ። ሲቸኩል ምን ያደርግ ነበር? አሳዪኝ።»

ሆስተሷ አንገቷን ወደፊት ሰገግ አድርጋ፣ አውሮፕላኑን ‹ቶሎ በል› እንደሚል ሰው ጉልበቷን በመዳፏ ደጋግማ መታ መታ አደረገች።

ልብስ ሰፊዋ የራሷን መዳፍ ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ሞከረችው።

«እንደዚህ?»

«ፈጠን ይበሉ» አለቻት ሆስተሷ።