የባይሩ ቤት

ሙቢና ከጮሌ ወረዳ መጥታ አሰላ ኮሌጅ ፋርማሲ የምትማር ልጅ ነበረች። አፏን በኦሮምኛ ፈትታ፣ አማርኛ በደንብ የለመደችው ከተማ ከገባች ወዲህ ነው። አንድ ቀን የባዮኬሚስትሪ መምህሯ ዘሪሁን አስነስቶ አስነበባት። «ፎስፎኢኖልፓይሩቬት» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ አፏ «ባይሩቤት» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩም አብሮ ሳቀ። ያንገበገባት የእሱ ሳቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቹ ባገኟት ቁጥር «የባይሩ ቤት በየት በኩል ነው?» ይሏት ጀመር።

የቡድን ገለጻ ሲታዘዝ ያው ቃል ያለበትን ክፍል ራሷ መረጠች። የቡድኗ ልጅ ሄለን አዘነችላት።

«ፔፕ ብለሽ አሳጥሪው፤ ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው። ካልሆነም እኔ ልበልልሽ።»

«ባሳጥረው ፈራች ነው የሚሉኝ። ሙሉውን እለዋለሁ፤ እኔው ራሴ!»

ልብስ ስታጥብም፣ ታክሲ ስትጠብቅም ቃሉን እየቆራረጠች አላመጠችው። ፎስ፣ ፎ፣ ኢ፣ ኖል፣ ፓይ፣ ሩ፣ ቬት። «ፓይ» መዳፏን ከንፈሯ ፊት አድርጋ፣ ትንፋሿ እስኪመታት ስትለው ስትለው ተቃናላት። «ቬት» ግን እምቢ አለ።

ቀኑ ደረሰ። ቃሉን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፋ በየመቁረጫው ሰረዝ አሰመረችና ጀመረች። «ፓይ»ን በሰላም አለፈችው። መጨረሻ ላይ ያው «ቤት» ወጣ። ከኋላ ሳቁ ተነሳ።

«ሄለን፣ ተቀበያት» አለ ዘሪሁን።

ሄለን አቀርቅራ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«ቲቸር፣ አልጨረስኩም» አለች ሙቢና።

«ቬት ነው የሚባለው፤ ቤት አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ ጽፌዋለሁ እኮ። አፌ ግን ቤት ነው የሚለው። እስክጨርስ አልቀመጥም።»

«ከአነጋገር ነጥብሽ እቀንስብሻለሁ።»

«ይቀንሱ።»

ወደ ሰሌዳው ዞረች። ሴል ስኳርን ሰባብሮ እንዴት ኃይል እንደሚያወጣ ማስረዳቷን ቀጠለች። ቃሉ በመጣ ቁጥር አንድም ጊዜ ሳታሳጥር፣ ሳትቸኩል፣ እስከ «ቤት» ድረስ አለችው። ሳቁም እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

ስትጨርስ እንደ እሷ ከወረዳ የመጣው የዴራው ሚፍታ እጁን አወጣ። ክፍል ውስጥ ጠይቆ አያውቅም።

«ፎስፎኢኖልባይሩቤት» አለ ጮክ ብሎ፣ «ከምንድን ነው የሚፈጠረው?»

ሁሉም ዘሪሁንን አዩ። ዘሪሁን እስክሪብቶውን ያገላብጥ ጀመር። ሙቢና ግን ጠመኔዋን አንስታ መመለስ ጀምራ ነበር።

«ከእሱ በፊት ያለው ውሁድ ውሃ ሲለቅ ነው። ና፣ ቀረብ በል፤ ላሳይህ።»