ከምልክቱ ሥር የቀረችው እንቁላልና ቤከን

ይሰማ! የኦስክበሪ መንደር ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ ስለ ወሰነ፣ ከመጪው ቅዳሜ አንሥቶ በመንደሩ መግቢያ የሚገኝ ማንኛውም ሣር ከሦስት ጣት በላይ ማደግ አይፈቀድለትም። ዝናቡም ይህንኑ ተረድቶ እንዲተባበር በትሕትና ተጠይቋል።

ነገሩ የውብ መንደሮች ውድድር ስለ ደረሰ ነው።

ዊልፍ ታክሬይ ከስብሰባው አዳራሽ ኋላ ወንበር ተቀምጦ ይሰማል። በዚያ ሣር መሃል እንቁላልና ቤከን የሚሏት የዱር አበባ አለች፤ ቢጫዋ እንደ አስኳል፣ ቅላቷ እንደ ቤከኑ፣ እንደ አሳማ ሥጋው ጥብስ። ከሌላው ቦታ የእርሻ መድኃኒት ጨርሷታል። የዊልፍ ሚስት ዊኒ አረጋውያን መጦሪያ ከገባች ወዲህ የሰው ሁሉ መልክ ጠፍቶባታል። እሑድ እሑድ ያቺን አበባ መዳፏ ላይ ሲያኖርላት ግን ቀና ትልና፣ «ዊልፍ! አንተ ጉድ፣ የት ጠፍተህ ነው?» ትለዋለች። አንዴ ጽጌረዳ ቢወስድላት «አመሰግናለሁ ዶክተር» ብላዋለች።

«ተቃውሞ ያለው?» አለች ሊቀመንበሯ ፕሩደንስ።

ዊልፍ ተነሣ። ሁሉም ዞሮ አየው። ኦስክበሪ ውስጥ የቤትን ጉዳይ አደባባይ ማውጣት ሱሪን ከማውለቅ አይሻልም።

«እ... ሻዩ ግሩም ነበር ልል ነው።»

«የኔ ጌታ! ማጨጃዋን መንዳት የሚችልበት እኮ አንተ ነህ። ቅዳሜ ታጭድልናለህ?»

«በደስታ።»

ቅዳሜ አጨደ። የመንደሩ ስም ከተጻፈበት ምልክት ሥር ግን አበባዋ ያለችበትን የሳህን ያህል ቦታ ዞሮ አለፈ። አበባዋ ከተቀጠፈች ወዲያው ስለምትጠወልግ፣ ነገ ጠዋት ትኩሷን ሊወስድ ነው።

እሑድ ጠዋት ቦታው ራሰ በራ ሆኖ ጠበቀው። ፕሩደንስ ውሻዋን እየጎተተች መጣች።

«አንተ ዝንጉ! ትናንት አንዲት ጥግ ረስተህ ሄድክ። በመቀስ ጨረስኩልህ።»

«አመሰግናለሁ» አለ ዊልፍ።

ከነዳጅ ማደያ የገዛውን አበባ ይዞ መጦሪያው ገባ። ዊኒ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«እርስዎ የቧንቧ ሠራተኛው ነዎት?»

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«ቶሎ ይጨርሱልኝ እባክዎ። ባለቤቴ ሊመጣ ነው።»

ኦስክበሪ አንደኛ ወጣች። ፕሩደንስ ፎቶ አንሺ አስከትላ የዊልፍን በር አንኳኳች።

«ና ውጣ እንጂ! ሣሩ ላይ ልንነሣ ነው፤ ያለ አንተ አይሆንም።»

«አልመጣም።»

በዚያ መንደር ዕድሜውን ሙሉ ሲኖር እንዲህ ሲል የሰማው የለም።

«ምነው ዊልፍ፣ አስቀየምንህ እንዴ? ምክንያቱን ንገረና!»

«አልናገርም» አለና በሩን ዘጋ።