ተርብ የነደፋት ልጅና ሁሉ አወቅ አባቷ

ቀለም ቀቢዋ ልጅ የጣሪያ ክፈፍ ስትቀባ የተርብ ጎጆ ነክታ ከስልሳ ቦታ በላይ ተነደፈች። በማግስቱ ሽንቷ እንደ ጥቁር ሻይ ጠቆረ፤ በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ነጠፈ። አባቷ ግን ተርብ ሰው ገድሎ አያውቅም ብሎ ሽንኩርት ሲያሻት ሰነበተ። ሽንኩርት! ሰፈሩ «ሁሉ አወቅ» ይለዋል። አያቷ ግን ሴት ልጃቸውን ከዳሩለት ቀን ጀምሮ አንድም ነገር ሲያውቅ አላዩትም።

ሐኪም ቤት እየጎተቱ የወሰዷት እሳቸው ናቸው። ሐኪሟም አላድበሰበሰችም፦ መርዙ ጡንቻዋንና ደሟን ሰባብሮ ኩላሊቷን ደፍኖታል፤ ኩላሊቷ እስኪያገግም ደሟ በማሽን ይታጠባል፤ ካልታጠበ ልቧ ሊቆም ይችላል።

ሁለቴ ታጠበች። በሦስተኛው ቀጠሮ ጠዋት ነርሷ የሽንት መለኪያውን አንስታ ፊቷ በራ። ግማሽ ሊትር፣ ያውም የጠራ! እንዲህ ከሆነ የዛሬው እጥበት ይቆይ እንደሆነ ሐኪሟን ልጠይቅ ብላ ወጣች።

ሁሉ አወቅ ደረቱን ነፋ። ማሽን አንዴ የለመደ ኩላሊት ሰንፎ እንደሚቀር፣ ይህንንም አስቀድሞ መናገሩን በግራም በቀኝም ላሉ አልጋዎች አስረዳ።

አያቷ ልጅቷን አዩ። ፊቷ እንዳበጠ ነው፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከጎኗ የተለዩት ፊታቸውን ሊታጠቡ ወጣ ባሉባት አፍታ ብቻ ነው። መለኪያውን ዳሰሱት። በረዶ ነው። ከሰው ሆድ አሁን የወጣ ነገር እንዲህ አይቀዘቅዝም።

«አንተ፣ ይሄ ከማን ወጣ?»

«ከእሷ ነዋ፣ እማማ።»

«ከእሷ ወይስ ከቧንቧው?»

ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጥቂት ጠብታ ነበረች፣ ጠብታዋ ላይ ትንሽ የቧንቧ ውሃ ጨምሬባት ነው፣ ልጄን ከማሽን ላድናት ብዬ ነው እያለ አጉተመተመ።

«ተርብ እንኳ ነድፎ ይሄዳል» አሉት። «አንተ ቁጭ ብለህ ነው የምትነድፈው።»

መለኪያውን ይዘው ነርሷን ተከተሉ፤ ኮሪደሩ እስኪሰማ ድረስም ነገሩን አንድ በአንድ ዘረገፉት። ደሟ ተመረመረ። ኩላሊቷ ማስወጣት ያቃተው ፖታሲየም ልብ የሚያቆም ደረጃ ደርሶ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሞላ ልጅቷ ማሽኑ ላይ ሆነች። አያቷ አራት ሰዓት ሙሉ ቀዩን ቱቦ ሲጠብቁ ዋሉ፤ ማሽኑ ጢጥ ባለ ቁጥር ብድግ፣ ጢጥ ባለ ቁጥር ብድግ።

ስድስት ጊዜ ከታጠበች በኋላ ኩላሊቷ ነቃ፤ መለኪያው ውስጥ ሁለት ጣት የምትሞላ ሽንት መጣች። ሁሉ አወቅ በር ላይ ቆሞ፣ ማሽኑ ይሻላል ብሎ የመከረው እሱ መሆኑን ለጠያቂዎች ሲተርክ አያቷ ሰሙት።  መለኪያውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ከራሳቸው ወንበር ስር አስገቡት።