በሰር ጄራርድ እጅ የተጻፈ

ኢኒድ ክሌግ የራሷን የእጅ ጽሑፍ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተዘርግቶ ስታየው መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም፤ እርሳሱ ግን አልደበዘዘም። በሕዳጉ ላይ የሳለቻቸው ትናንሽ ወንበሮችና በሮች፣ ተዋንያኑ የሚሄዱበትን የሚያሳዩት ቀስቶች፣ ሁሉም እንዳሉ ናቸው። ከሣጥኑ ሥር ያለውን ካርድ ለማንበብ መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች።

“የሰር ጄራርድ ፌንዊክ የአዘጋጅነት ማስታወሻ። በራሳቸው እጅ የተጻፈ” ይላል።

ደግማ አነበበችው። ወደ ሁለተኛው ሣጥን ሄደች፤ ያው ነው። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ያው። ዛሬ ዐውደ ርእይ በሚከፈትበት በስካርሌይ ከተማ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ አሥራ አንድ የመስታወት ሣጥን ተደርድሯል፤ በአሥራ አንዱም ውስጥ የተኛው የኢኒድ እጅ ነው፤ በአሥራ አንዱም ሥር ያለው ስም የጄራርድ ነው።

“በራሳቸው እጅ!” አለች ጮክ ብላ። አጠገቧ ወይን ይዘው የቆሙ ባልና ሚስት ዘወር ብለው አዩአት።

የፓቪሊዮን ቴአትር በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት የሚያሳይ ቤት ነበር። ሰኞ ይከፈታል፣ ቅዳሜ ያልቃል፣ በማግስቱ ሌላው ይተከላል። አንዱን ሳምንት የለንደን የግድያ ምስጢር፣ ሌላውን የአሜሪካ ቀልድ። ኢኒድ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ገብታ አሥራ ሁለት ዓመት ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣለች። ተዋናይ ቃል ሲጠፋው የምታንሾካሹክለት እሷ ናት። መብራት የሚጠፋውም፣ ስልክ የሚጮኸውም፣ ሬሳው ከቁም ሣጥን የሚወድቀውም እሷ ምልክት ስትሰጥ ነው። ለዚህም ትንሿን የታተመች ስክሪፕት ትገነጥልና እያንዳንዱን ገጽ በትልቅ ባዶ ወረቀት ላይ ትለጥፋለች፤ በዙሪያው ማን የት እንደሚቆም፣ ማን መቼ እንደሚነሳ ትጽፋለች። ከኒው ዮርክ በስስ ወረቀት ተተይበው የሚመጡትን የአሜሪካ ተውኔቶችማ የአካባቢውን የዮርክሺር ሰው እንዲገቡት ቃላቸውን ሳይቀር ትቀይር ነበር።

ጄራርድ ያኔ ሰር አልነበረም። መልከ መልካም፣ ድምፁ የሚያምር፣ ከመጠጥ ቤቱ የማይጠፋ አዘጋጅ ነበር። በኋላ ለንደን ሄደ፣ ፊልም ሠራ፣ ማዕረግ አገኘ፣ ሞተ፣ በጋዜጣ ተለቀሰለት።

በፈረንጆቹ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ፓቪሊዮን ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ እንዲሆን ሲወሰን ስክሪፕቶቹን በሙሉ አውጥተው በዝናብ ውስጥ ወደሚያድር የቆሻሻ ገንዳ ጣሏቸው። ኢኒድ የጎረቤቷን የሕፃን ጋሪ ተውሳ ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሰች። ሦስት መቶ አርባውን ሁሉ ፎቅ ላይ በትርፉ ክፍል ወለል ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ አደረቀች፤ የዛጉ ስፒሎችን በጥፍሯ ነቀለች። ለጄራርድም ደብዳቤ ጻፈች፤ የሚቀመጡበት ቦታ እንዲፈልግላት። ጸሐፊው መለሰችላት፦ ሚስተር ፌንዊክ ለአሮጌ ወረቀት ጊዜ የላቸውም።

እሺ። ከዚያ ወዲህ አርባ ስድስት ዓመት እሷ ጠበቀቻቸው። ደረጃው ሲከብዳት ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጠቻቸው። የመዛግብት ክፍሉ ሠራተኛ ሩክሳና ሚር መጥታ እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ነው የወሰደቻቸው። እስከዚህ ድረስ ቅር የሚያሰኝ ነገር አልነበረም። ዐውደ ርእዩን የማዘጋጀቱ ሥራ ግን ስለ ሰር ጄራርድ መጽሐፍ ለጻፉት ለዶክተር ጁልያን ሆብዴይ ተሰጠ። ካርዶቹን የጻፉት እሳቸው ናቸው።

ዶክተሩን በአዳራሹ መሐል እንግዳ ከብቧቸዋል። ኢኒድ ከዘራዋን እያስቀደመች ገባች።

“ይቅርታ ዶክተር። ይሄ የኔ ጽሑፍ ነው።”

“ሚስ ክሌግ! ባለውለታችን!” አሉ ሆብዴይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። “እንዴታ፣ የእርስዎ ናቸው እንጂ። እርስዎ ባይሰጡን ኖሮ…”

“የሰጠሁትን አላልኩም። የጻፍኩትን ነው ያልኩት።”

“ገባኝ፣ ገባኝ። ሰር ጄራርድ ሲናገሩ አልፎ አልፎ እርስዎ ይጽፉላቸው ነበር ይሆናል።”

“ሲናገሩ? ምን ሲናገሩ? ጄራርድ ጧት ይገባና ‘እንደምንም አንቀሳቅሻቸው፣ ኢኒድ’ ብሎ ይወጣል። የሚመለሰው መጠጥ ቤቱ ሲዘጋ ነው!”

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሆብዴይም አብረው ሳቁ፤ በልጅ አባባል እንደሚሳቅ ዓይነት ሳቅ። “ትዝታ እኮ ረቂቅ ነገር ነው፣ ሚስ ክሌግ። ከስልሳ ዓመት በኋላ ማናችንም…”

ይቺ ናት ያናደደቻት። እስከዚያች ቅጽበት በአክብሮት ስታናግራቸው ነበር፤ አሁን አንቱታው ከአፏ ወደቀ።

“ና እስቲ ወዲህ” አለችና ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቅርቡ ሣጥን ወሰደቻቸው። “ይቺ ክብ ውስጥ ያለችው ‘ኬ’ ምን ማለት ናት?”

የሆብዴይ ፊት በራ። “የፌንዊክ ምልክት! በመጽሐፌ ውስጥ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቻታለሁ። በየተውኔቱ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ አካባቢ ትመጣለች። ቁጣው ሳይፈነዳ ወደ ውስጥ የሚታመቅበትን ቅጽበት…”

“ኬትል ነው።”

“ምን አሉ?”

“ኬትል! የሻይ ውሃ ማፍያ! ለዕረፍቱ አሥር ደቂቃ ቀርቷል፣ ውሃ ጣዱ ማለት ነው። ለአሥራ አራት ሰው የሚበቃ ውሃ መች ቶሎ ይፈላልሃል?”

አሁን የሳቀው መላው አዳራሽ ነው። ሆብዴይ ግን አልሳቁም። ጆሯቸው ቀላ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ “እንዲህ ያለ ጉዳይ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ሚስ ክሌግ” አሉና ወደ ወይኑ ጠረጴዛ ሄዱ። ኢኒድ ኮቷን ለበሰችና ወጣች። 

ማስረጃ! በማግስቱ ማስረጃ ፍለጋ ተመልሳ መጣች። በንባብ ክፍሉ ውስጥ ኮት አውልቃ፣ ቦርሳዋን ለጥበቃው ሰጥታ፣ እንደ ማንም ተመራማሪ ተመዝግባ ተቀመጠች። ሩክሳና ሣጥን በሣጥን አመጣችላት። ስክሪፕቶቹ አሁን አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልለው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ በንጹሕ ግራጫ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ኢኒድ ይሄን ስታይ ንዴቷ ለአፍታ ረገበ።

“መቼስ ጥሩ አድርገሽ ነው የያዝሻቸው፣ የኔ ቆንጆ” አለች።

“ካርዱን እኔ አልጻፍኩትም፣ ሚስ ክሌግ” አለች ሩክሳና። “ግን ዝም ብዬ ለጥፌዋለሁ። አፍሬያለሁ።”

“እፍረትሽን ወደ ጎን አድርጊና አንብቢ። የኔ ዓይን አይጨርሰውም።”

በሦስተኛው ቀን ሩክሳና አንድ ገጽ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። “ይሄን ይስሙ። ‘ጄራርድ ዛሬም አልመጣም። ሁለተኛውን ክፍል እኔ አለማመድኩ። ሶፋው ወደ ግራ።’” ቀና አለች። “ሰውዬው ራሱን አልመጣም ብሎ ይጽፋል እንዴ?”

“ቀጥዪ። ሌላም አለ።”

ሌላም ነበር። “ጄራርድ ሲተውን ቃሉን ስለማይይዝ መድረኩ ላይ ያለው ስልክ ውስጥ ለጥፌለታለሁ።” “ጄራርድ አንቀላፋ፤ አትቀስቅሱት፣ ልምምዱ ያለ እሱ ይፈጥናል።” ሩክሳና አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። አርባ ሰባት ገጽ አገኙ። ሩክሳና ፎቶ አንስታ ለኃላፊዎቿ ላከች፤ ለሆብዴይም ላከች።

መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። ካርዱ ይቀየራል ይላል፤ አዲሱ ቃልም ተያይዟል፦ “በሰር ጄራርድ ፌንዊክ መሪነት፣ በረዳታቸው የተጻፈ።”

“ረዳታቸው!” ኢኒድ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጣለችው። “ስም የለኝም? አርባ ስድስት ዓመት ደረጃ ላይ ወጥቼ ስወርድ ስም አልነበረኝም? መሪነትስ? ከመጠጥ ቤት ሆኖ ነው የሚመራው?”

ካርዱን ሰርዛ፣ በምትኩ የሚጻፈውን ከሥሩ አስፍራ መለሰችላቸው፦ “ጽሑፉ የኢኒድ ክሌግ ነው።” ይሄ ካልሆነ ስክሪፕቶቿን በዚያው የሕፃን ጋሪ መልሳ እንደምትወስድ ጨመረችበት። ጋሪው ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እነሱ ግን አያውቁም።

ወሬው ወደ ከተማው ጋዜጣ ደረሰ። ፎቶ አንሺ መጣ፤ አዳራሹ ውስጥ ከሁሉም ሣጥን የሚያምረውን መረጠ። የአሜሪካ ድራማ ነው፣ በካንሳስ ሜዳ ላይ ዐውሎ ነፋስ የሚጠብቅ የገበሬ ቤተሰብ ታሪክ። በገጹ ዳርቻ ሰማዩ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር የሚለወጥበት ሠላሳ አንድ የመብራት ደረጃ በቁጥር ተጽፏል። ያኔ ተመልካቹ ወንበሩን ጨብጦ ነበር የሚያየው።

“ይሄንንም እርስዎ?” አለ ፎቶ አንሺው እያደነቀ።

ኢኒድ ገጹን አየችው። ቁጥሮቹ ጠባብ ናቸው፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ።

“ቀና ይበሉ፣ ወደኔ” አለ ፎቶ አንሺው። ቀና አለች። ፎቶ ተነሳች።

በጋዜጣው ላይ “ከመጋረጃ ጀርባ የወጣችው ጠቢብ” የሚል ርእስ ወጣላት። ጎረቤቶቿ ኬክ ይዘው መጡ። ሐኪሟ ሳይቀር እንኳን ደስ አለዎት አላት። ቤተ መጻሕፍቱም ተሸነፈ፤ ሩክሳና መዝገቡን በሙሉ በኢኒድ ስም እንድታስተካክል ታዘዘች። ኢኒድ ማሸነፏን ታውቃለች፤ ኬኩ ግን አልወረደላትም።

ሐሙስ ዕለት ንባብ ክፍሉ ውስጥ ሩክሳና እየተየበች ድምፅ አሰምታ ታነባለች። “የካንሳሱ ድራማ፣ መስከረም ስልሳ ሦስት። እንቅስቃሴ፣ ኢኒድ ክሌግ። ድምፅ፣ ኢኒድ ክሌግ። መብራት፣ ኢኒድ…”

“ቆይ።”

ሩክሳና መተየቧን አቆመች።

“መብራቱ የኔ አይደለም። የዊልፍ ነው። ዊልፍ አርሚቴጅ፣ የመብራት ሠራተኛችን።” ይሄን ስትል እሷንም ያናደዳት ይመስል ነበር። “ያ ደረቅ! አንድ ቀን በገዛ እጁ መብራቱን አጥፍቶ መድረኩን ሲያጨልመው፣ ኢኒድ ናት የተሳሳተችው ብሎ በሁሉም ፊት ጮኸብኝ። አራት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን አልተነጋገርንም። ሲሞትም ቀብሩ ላይ አልሄድኩም።”

“ታዲያ ጋዜጣው ላይ…”

“ዝም አልኩ። እያወቅሁ። ጄራርድ ያደረገኝን እኔ ዊልፍ ላይ ደገምኩት፤ ያውም ሰውዬው መቃብር ገብቶ መልስ በማይሰጥበት!” በቡጢዋ ጠረጴዛውን መታች፤ ጥበቃው ከመስታወቱ ጀርባ ቀና አለ። “ስልክ ስጪኝ።”

ስልክ ከንባብ ክፍሉ ውጭ ነበር፤ ሩክሳና አብራት ወጣች። ጋዜጣው ቤት አንድ አርታኢ ተገኘ።

“እርማት የምናወጣው ስሕተቱ ሰው የጎዳ እንደሆነ ነው፣ እመቤቴ” አላት።

“ጎድቷል እንጂ!”

“ማንን?”

“ዊልፍ አርሚቴጅን።”

“እሳቸው ቅሬታ አቅርበዋል?”

“ሞቷል፣ አንተ ሰው! በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሦስት ሞቷል!”

“ቅሬታ አቅራቢ ከሌለማ…”

“እኔ ነኝ ቅሬታ አቅራቢው! እኔው ነኝ በዳይዋም!”

አርታኢው እናያለን አላት። አላዩም፤ እርማቱ አልወጣም። የሆብዴይም መጽሐፍ እንዳለ መደርደሪያው ላይ ቆመ፤ በሚቀጥለው እትም ይታሰብበታል ብለው በኢሜይል ጻፉ። በዚህ ሁለቱ ሴቶች ጋዜጣውንም ሆብዴይንም ብዙ ሰደቡ።

በመዝገቡና በካርዱ ላይ የዊልፍን ስም ከመጨመር ግን ማንም አልከለከላቸውም። በሚቀጥለው ሐሙስ ሩክሳና አዲሱን ካርድ አትማ አመጣችና ለኢኒድ ሰጠቻት። ኢኒድ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፤ ግንባሯ ተኮማተረ።

“የሱን ስም ከኔ በላይ አደረግሽው?”

“በፊደል ተራ ነው፣ ሚስ ክሌግ። አርሚቴጅ ክሌግን ይቀድማል።”

ኢኒድ ካርዱን ራቅ፣ ቀረብ አድርጋ አየችው። “ኡፍ! ሰውየው ሞቶም አለቀቀኝ” አለች። ከዚያ ከዘራዋን ወንበሩ ላይ ትታ ተነሳችና የመስታወቱን ሣጥን ጠርዝ በአንድ እጇ ተደግፋ፣ ካርዱን በራሷ እጅ ለጠፈችው። ትንሽ ዘሞ ነበር፤ ሩክሳና ልታቃናው ስትል፣ “ተይው። እሱም ዘመም ብሎ ነበር የሚጽፈው” አለቻት።