የጻፈ እጁን ያስገባ

ባሩድ የኮምፒውተሩን ኪቦርድ ከጠረጴዛው ላይ መንጥቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ቁልፎቹ እንደተፈለፈለ በቆሎ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሠራተኞቹ ባሩድ ያሉት ያለ ነገር አይደለም፤ አባቱ ሞቶ የብረት መቁረጫ ወርክሾፑን ከተረከበ ወዲህ ያልሰበረው ነገር ቢኖር የገዛ አንገቱን ብቻ ነው። ታናሽ እህቱ፣ የማሽኖቹን ፕሮግራም የምትጽፈው፣ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

«ገባ አይደል? ቺፑ ውስጥ ጥቅልል ብሎ ገባ! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ገብቷል፤ ይሄ አይካድም። ብረት ለሚቆርጠው ትልቅ ፕሬስ መቆጣጠሪያ የገዛው ቺፕ የሚይዘው ትንሽ ስለሆነ፣ የእሷ ፕሮግራም የተጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀይረው በአሮጌው ኮምፓይለር ሲተረጎም አልገባ ይለዋል። ባሩድ ታዲያ ትናንት እሷ በሌለችበት አዲስ ኮምፓይለር ጫነና፣ «ጨምቀህ አሳንስ» የሚለውን ምርጫ እስከ ጥግ ከፍቶ ፕሮግራሙን አስገባው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን ለቅሞ የማያውቅ ሰው ነው።

እህቱ ጠዋት አዲሱ ኮምፓይለር ያወጣውን ኮድ መስመር በመስመር ስታነብ ጉዱን አገኘችው። በፕሬሱ አፍ ላይ የብርሃን ዓይን አለ፤ እጅ ሲያልፍበት ምልክት ይሰጣል፣ ፕሮግራሙም ምልክቱን እያየ ፕሬሱን ያቆማል። ኮምፓይለሩ ግን ፕሮግራሙ ራሱ ምልክቱን የሚቀይርበት ቦታ ቢያጣ፣ ደጋግሞ ማየቱን ትርፍ ሥራ ነው ብሎ ቆርጦ ጥሎታል። ምልክቱ ከውጭ ሊቀየር እንደሚችል የምትናገር አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷ ሳትጽፋት ቀርታለች። አሮጌው ኮምፓይለር የተጻፈለትን እንዳለ ስለሚተረጉም ጉድለቷን ተሸክሞላት ኖሯል።

«ጋሼ፣ እጅ ሲገባ አይቆምም። ጥፋቱ የኔም ነው፤ አንዲት ቃል…»

የባሩድ ጥፊ አላስጨረሳትም። አፏ ውስጥ ደም ደም አላት።

«አይቆምም ትለኛለች! አሮጌው ዕቃዋ እንዳይቀርባት እኮ ነው!»

ከአባታቸው የቀረ አንድ ሕግ አለ፤ አዲስ ፕሮግራም ሲጫን፣ ሠራተኛ ማሽኑን ከመንካቱ በፊት የጻፈው ሰው እጁን ያስገባል፣ ፕሬሱን የሚያወርደውን ፔዳልም በገዛ እግሩ ይረግጣል። ሽማግሌው በራሱ እጅ የሚቀልድ የለም ይል ነበር። እስከዛሬ እጇን የምታስገባው እሷ ነበረች፤ ፕሬሱም ሁልጊዜ ቆሞላታል።

«ኮምፓይለሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የማስገባውም እኔ ነኝ!» አለና የአባቱን ሰፊ የቆዳ ጓንት አጥልቆ ወደ ፕሬሱ ተንደረደረ።

«ኧረ በፈጠረህ!» ብሎ የተጋረጠውን ኦፕሬተር አፍንጫው ላይ በክርኑ ነረተው። ሰውየው ደሙን በመዳፉ እያፈሰ ተቀመጠ። እህቱ ወገቡ ላይ ተጠመጠመች፤ በእርግጫ ሆዷን ብሎ አሽቀነጠራት። ትንፋሽ አጥሯት እየተንፏቀቀች ጮኸች፣ ለመነች። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እጁን አስገባ።

የኤሌክትሪኩ ማጥፊያ ያለው ከወዲያኛው ግድግዳ ላይ ነው፤ አትደርስበትም። አጠገቧ የተጋደመውን ትልቅ የቧንቧ መፍቻ ጨበጠች። ያ እጅ ብየዳ ያስተማራት፣ የአባታቸውን ዓይን የከደነ እጅ ነው። ትወደዋለች። እግሩ ወደ ፔዳሉ ሲወርድ ባላት ኃይል ሁሉ ክንዱ ላይ አሳረፈችው።

አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማው። ባሩድ አጓርቶ ወደኋላ ተፈናጠረ፣ ፔዳሉ ግን ተረግጦ ነበርና ፕሬሱ ምድሩን እያናወጠ ወረደ።

«ሰበረችኝ! የእናቴ ልጅ ሰበረችኝ!»

ከዚያ ባዶ እጁን አየ። ጓንቱ ፕሬሱ ሥር ቀርቷል፤ አምስቱም የጓንቱ ጣቶች እንደ ጨርቅ ሳስተው ተለጥፈዋል። ባሩድ የተንጠለጠለ ክንዱን በግራ እጁ አቅፎ ወለሉ ላይ ከእህቱ አጠገብ ዝርፍጥ አለ። እሷ መፍቻውን አሁንም አልለቀቀችም።

«አንዲት ቃል ብለሽ ነበር…» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ጨርሺልኝ፣ እህቴ።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። በጥፊው ያበጠው ከንፈሯ አልታዘዝ አላት።