የዶን ዴርሊስ የልደት ቀን

በፓራጓይዋ ሉኬ ከተማ፣ የሰፈራችን የአንጋፋዎች እግር ኳስ ውድድር መዝጋቢ እኔ ነኝ። የምዝገባውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ፒኤችፒ በሚባለው ቋንቋ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ሰው ፊት እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ይህን የሚያውቅ ሁሉ በመምጠጫ የሚጠጣውን ቀዝቃዛ የቅጠል ሻይ፣ ቴሬሬውን፣ ይዞ ይመጣና፣ «እስቲ አንዴ ሳብ አድርግ፤ ለእኔም ስድስት ዓመት ጨምርልኝ» ይለኛል። እጨምራለሁ። ባለፈው ዓመት ከሃምሳ በላይ በሚባለው ቡድን ውስጥ እናቱ ምሳ የምታመላልስለት አጥቂ ተገኘ።

ሊቀመንበራችን ዶኛ ኦብዱሊያ፣ «ከእንግዲህ አንድ ልደት ብትነካ ከዚህ ወንበር ትነሳለህ» አሉኝ።

ስለዚህ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ተጫዋች በሚፈጥርበት ንድፍ፣ «ተጫዋች» በሚለው ክላስ ውስጥ፣ ከልደት ቀኑ ፊት ሪድኦንሊ፣ «ለንባብ ብቻ» የምትለዋን ቃል ጨመርኩ። ቀኑ ተጫዋቹ ሲመዘገብ አንዴ ይጻፋል፤ ከዚያ ወዲያ ይነበባል እንጂ አይለወጥም። ልለውጥ ብል ፕሮግራሙ በቀይ ስህተት ጽፎ ይቆማል። እምቢታውን እሱ ይበልልኝ ብዬ ነው።

ዐርብ በረኛው ዶን ዴርሊስ እያለከለኩ መጡ።

«ለነገው ጨዋታ ስሜ የለም!»

«አርባ ስድስት ዓመትዎ ነው ይላል፤ ቡድኑ ደግሞ ከሃምሳ በላይ ነው» አልኳቸው መሬት መሬት እያየሁ።

«ሃምሳ ዘጠኝ ነኝ፣ አንተ!»

«ሲመዘገቡ አርባ ስድስት ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዶኛ ኦብዱሊያ አጠገባችን ቆመው አልነበር እንዴ? ባል የሞተባት ሴት ፊት ሃምሳ ዘጠኝ ይባላል? በል አስተካክላት።»

ሞከርኩ። ቀይ።

«ቀስ ብለህ ንካው!»

ቀስ ብዬ ነካሁት። ቀይ።

«መንገዱ አንድ ነው» አልኩ። «የተመዘገቡት ዶን ዴርሊስ ይሰረዛሉ፤ በትክክለኛው ልደት ሌላ ዶን ዴርሊስ ይፈጠራሉ። ለመሰረዝ ግን የዶኛ ኦብዱሊያ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«እሳቸው ፊት ቆሜ? ባልጫወት ይሻለኛል!»

ወጡ። በሩ ላይ ተቀያሪው በረኛ ማን እንደሆነ ትዝ አላቸው መሰለኝ፤ ዘወትር የሚፎካከራቸው የእህታቸው ባል ነው። ተመለሱ።

ዶኛ ኦብዱሊያ ተጠርተው መጡ። ዶን ዴርሊስ ባርኔጣቸውን እያሹ፣ «ልደቴ ላይ ትንሽ ስህተት አለች» አሉ።

«የስንት?»

«የ... አሥራ ሦስት ዓመት።»

ዶኛ ኦብዱሊያ የይለፍ ቃላቸውን አስገቡና ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ራሳቸው ነገሩኝ።

«ያውቁ ኖሯል!» አሉ ዶን ዴርሊስ።

«የደብሩን የጥምቀት መዝገብ ሃያ ዓመት የያዝኩት እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ያን ዕለት ምነው ዝም አሉ?»

«አርባ ስድስት ስትል ደረትህን ነፍተህ ነበር። አሳዘንከኝ።»

ቅዳሜ አራት ጎል ገባባቸው። በወደቁ ቁጥር ዶኛ ኦብዱሊያ ከመረቡ ጀርባ ሆነው፣ «ተነስ እንጂ፣ ገና ሃምሳ ዘጠኝህ ነው!» ይሏቸው ነበር።