የሌለውን የምታይ መኪና

ደንበኞቹ እጀ ሐር ይሉታል። መኪናን ከጭረትና ከጠጠር የሚጠብቀውን ስስ ላስቲክ ሲያለብስ አንዲት አረፋ፣ አንዲት እጥፋት አትገኝበትም። ሌላው ባለሙያ ሦስቴ ልጦ የሚጥለውን እሱ አንዴ ለጥፎ ይገላገላል። ላስቲኩን በማሞቂያ እያለሰለሰ፣ ውኃውን በመፋቂያ ወደ ዳር እየገፋ፣ ከንፈሩን ነክሶ ሲሠራ ላየው ሕፃን የሚያጥብ ይመስላል።

ታላቅ እህቱ አዋላጅ ነርስ ናት። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ነበረች፤ ዛሬ ጢሙ ሸብቶ እንኳ ማሙሽ ማለቷን አልተወችም። ዕድሜዋን ሙሉ በታክሲና በእግሯ ስትመላለስ ኖራ በመጨረሻ አዲስ መኪና ስትገዛ፣ ከእሷ ይልቅ የፈነጠዘው እሱ ነው። ደግሞም ዘመናዊ መኪና ናት፤ ከፊቷ አንዳች ነገር ድንገት ቢገባባት፣ ሾፌሩ ባይደርስበት እንኳ በራሷ ፍሬን ትይዛለች።

"ቁልፉን ስጪኝና ሦስት ቀን ታገሺኝ" አላት። "የኔ ስጦታ ነው።"

ከሱቁ ምርጡን ላስቲክ አወጣላት። የብረት ብናኝ የተነሰነሰበት፣ ብርማ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ። ከፊት መከላከያው ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ ጣት የምታህል ቦታ ሳያስቀር አለበሳት። በፊት መስታወቱ አናት ላይም ከዚያው ላስቲክ ቀጭን ሰቅ ጨመረላት፣ ለውበት ብሎ። እህቱ ስታያት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ኧረ ማሙሽ፣ ይቺን ይዤ ሥራ ብገባ ሙሽራ መጣች ነው የሚሉኝ!"

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ነገር መጣ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ መኪናዋ ጭር ባለ መንገድ መሀል ቀጥ ብላ ቆመች። ባሏ የሒሳብ መምህር ነው፤ ምክንያት የሌለው ነገር አይዋጥለትም። "ሳታውቂው እግርሽ ፍሬኑን ረግጦ ነው" አላት። በሳምንቱ ደገመች። በሦስተኛው ከኋላ የሚመጣ ታክሲ ገጭቷት የኋላ መብራቷን ሰባበረው። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ፣ "እናቴ፣ ባዶ መንገድ ላይ ለምን ፍሬን ያዙ?" ሲላት፣ "እኔ አልያዝኩም" አለችው።

ወንድሟም አላመናት። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "እትዬ፣ አዳር ገብተሽ ስትወጪ ሸለብ እያደረገሽ ነው። መኪናዋማ ጤነኛ ናት" አላት።

ከዚያ በኋላ የጠረጠረችው ራሷን ነው። ከወጥ ቤቷ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ መዳፎቿን ዘርግታ ታያቸው ጀመር። "በነዚህ ሕፃን ነው የምቀበለው" አለችው ወንድሟን አንድ እሑድ። "የገዛ እግሬ የሚሠራውን ካላወቅኩ ነገ እጄስ? ከማዋለጃ ክፍል አውጥታችሁ ካርድ ክፍል መድቡኝ ብዬ ደብዳቤ አስገብቻለሁ።" ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችለት። "ሽጥልኝ። ዓይኗን ማየት አልፈልግም።"

እሱም፣ ይሻላል ብሎ ተቀበላት።

በነጋታው ረፋድ ላይ ለገዢ ሊያሳያት ወጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አስፋልቱ ደረቅ፣ ከፊቱ መኪና ቀርቶ ውሻ እንኳ የለም። መንገዱ ከዳር ካለው የብረት አጥር ጋር እየታጠፈ ይሄዳል። ድንገት ከመሪው ጀርባ ቀይ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ፤ ጩኸት ተከተለ፤ ቀበቶው ደረቱን ጥርቅም አድርጎ ያዘው፤ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ መሬት ደፋ አለና ቀጥ! ስልኩ ተስፈንጥሮ ከመስታወቱ ጋር ተላተመ። ከኋላው ጎማ ሲያፏጭ ሰማ። ቀና ብሎ በኋላ ማሳያ መስታወቱ ቢያይ አሸዋ የጫነ የጭነት መኪና ግንባር ብቻ ነው የሚታየው። በክንድ ርቀት ቆመለት።

የጭነት መኪናው ሾፌር ወርዶ መጣ። ፊቱ አመድ ለብሷል።

"ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?"

"እኔ አልያዝኩም!"

"ታዲያ ማን ያዘው? እኔ ነኝ?"

"እኔ አልያዝኩም" ያለው በእህቱ ቃል ነው፤ በእሷው ድንጋጤ። እግሮቹን ዝቅ ብሎ አያቸው። ሁለቱም ከፍሬኑ ርቀው ወለሉ ላይ ነበሩ።

ገዢውን ትቶ በኤሊ እርምጃ እየነዳ ወደሚያውቃት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሄደ። ወጣት ናት፣ ነገር አታበዛም። ኮምፒውተሯን ከመሪው ሥር ሰካች፣ አነበበች፣ ከዚያ ወጥታ የፊት መከላከያው ፊት ቁጢጥ አለች። የብረት ብናኙን በጥፍሯ ዳበሰችው።

"ራዳሩ ከዚህ ጀርባ ነው" አለች። "ሞገድ ይልካል፣ ተመልሶ የሚመጣውን ያነባል። ብረት የሌለበት ስስ ላስቲክ ቢሆን ብዙም ባላስቸገረው። ይሄ ግን ብረት አለበት፤ ሞገዱን ይበትንበታል። አንዳንዴ የሌለ ነገር ይታየዋል።"

"አንዳንዴስ?"

"አንዳንዴ ያለውን አያይም።" ተነሥታ የፊት መስታወቱን አናት አሳየችው። "መንገዱን የምታይበትን ካሜራም በዚች ሰቅ ግማሹን ጋርደውባታል። የትኛው እውር ነው እንዲህ ያለበሳት?"

"እኔ ነኝ" አለ።

ልጅቷ ደነገጠች፣ ይቅርታም ልትል ዳዳት። እሱ ግን አልሰማትም። መሬት ላይ ከተጣለ ጎማ ላይ ተቀመጠ። በዚያ ላስቲክ ሌሎች አሥራ አንድ መኪኖች አልብሷል። ያለውን አያይም። አንዱ ሕፃናትን ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ሚኒባስ ነው።

እዚያው ተንበርክኮ የእህቱን መኪና ላስቲክ በገዛ እጁ ላጠው። ለዓመታት በጥንቃቄ ሲለጥፍ የኖረውን እንደ ቁስል ፋሻ እየገነጠለ መሬት ጣለው። ልጅቷ ራዳሩንና ካሜራውን እንደ አዲስ አስተካክላ እስክትጨርስ ለአሥራ አንዱም ደወለ። መጀመሪያ የተደወለለት የሚኒባሱ ባለቤት መኪናውን ባለበት አቆመ። አንዱ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ፤ አንዷ እስኪበቃት ሰደበችው። ስድቡ እንዲያውም ትንሽ አቀለለው።

ከዚያ እህቱ ጋ ሄደ። በማዋለጃው ኮሪደር ጓንቷን እያወለቀች አገኛት፤ ቆሞ ሁሉንም ነገራት።

"አልታመምኩም ማለት ነው?"

"ምንም አልሆንሽም፣ እትዬ። እኔ ነኝ።"

"ደብዳቤዬን ዛሬ ጠዋት ፈርመውበታል።" ግድግዳውን ተደገፈች። "ላስቲኩስ ይሁን፣ አላወቅክም። አልያዝኩም ስልህ ግን ለምን አላመንከኝም? መኪናዋን አምነህ እኔን?"

አንገቱን ደፋ። ሊናገር ሲል ከክፍሉ፣ "ሲስተር፣ ቶሎ!" የሚል ድምፅ መጣ፤ አዲስ ጓንት ይዛ ገባች። እሱ እዚያው ቆሞ የሚያቃስቱ እናቶችን ድምፅ ሲሰማ ቆየ፣ መሄድም መቀመጥም አቅቶት።

ደብዳቤው ተሰረዘላት፤ አለቃዋ ከመጀመሪያውም አልወደደችውም ነበር። መኪናዋንም መልሳ ያዘች። ወንድሟን ግን ወር ያህል "ደህና ነኝ" ከማለት በቀር አላናገረችውም። እሱም አልወቀሳትም። አሁን መከላከያ ከመንካቱ በፊት የመኪናውን መመሪያ ገልጦ ሴንሰሮቹ የት የት እንዳሉ ይጠይቃል፣ ያላወቀውን አይለጥፍም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት።

"ቆመች" አለችው። "በራሷ ቆመች።"

እጁ ላይ ያለው መፋቂያ ወደቀ። "የት? ተጎዳሽ? ንገሪኝ እንጂ!"

"ከቆመ አውቶቡስ ጀርባ የእጅ ጋሪ የሚገፉ ሽማግሌ ብቅ አሉ። አላየኋቸውም፣ በእውነት አላየኋቸውም። ከእግሬ ቀድማ ያዘች። ሰውዬው ምንም አልሆኑም፣ ይኸው ፊቴ ቆመው ይሰድቡኛል።"

ሊስቅ ፈለገ፣ አልመጣለትም። መስከረም ላይ ያለበሳት ያ ብርማ ላስቲክ ዛሬም ላይዋ ቢኖር ኖሮ ሽማግሌውን ላታያቸው ትችል እንደነበር አሰበ።

"እንዳትነጂ" አላት። "ባለሽበት ቁሚ። መጣሁ።"